ጎማው፣ ዓሣውና ኬሚስቱ፦ ሰሞኑን ካነበባችሁት የዩኒቨርሲቲ ጥናት ከአእምሯችሁ ያልወጣው የቱ ነው?

ወንዝ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ በሁለት ጎራ ተከፍለን ነው የምንጽፈው። ግማሻችን ስለ ከተማ እንስሳት፣ ግማሻችን ስለ ፖሊመርና ስለ ናኖ። አንዱ የሌላውን የውይይት ክር ሳይከፍት ያልፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የእንስሳት ሰው ነኝ፤ ፖሊመር የሚል ርዕስ ሳይ ገጹን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ይህን ልማድ ያስተወኝ አንድ ጥናት ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ከዚያ እናንተም የራሳችሁን አምጡ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓሣ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ዙሪያ ኮሆ ሳልመን የሚባል ዓሣ አለ። ጅረት ውስጥ ይፈለፈላል። ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል። እንቁላል የመጣያው ጊዜ ሲደርስ ተመልሶ ጅረቱን ሽቅብ ይወጣል። ከተማ አቋርጠው በሚያልፉት ጅረቶች ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር የተመለሱት ዓሦች ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ ውሃው ላይ ብቅ ብለው አፋቸውን እየከፈቱ ይዞራሉ። ከዚያ ሚዛናቸውን ይስታሉ። በሰዓታት ውስጥ ያልቅላቸዋል። የሞቱት ሴቶች ሆዳቸው ሲከፈት እንቁላሉ እንዳለ ነው። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው መጥተው፣ ደጃፉ ላይ ቀሩ። በአንዳንድ ጅረቶች ከተመለሱት ውስጥ ከ40 እስከ 90 በመቶው እንዲህ ያልቅ ነበር።

ተመራማሪዎቹ የሚጠረጠረውን ሁሉ አንድ በአንድ አጣሩ። በሽታ አይደለም። የውሃው ሙቀት አይደለም። የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ፀረ ተባይም አይደለም። የቀረው ከመንገድ ላይ ታጥቦ የሚወርደው ጎርፍ ነው። እሱ ውስጥ ደግሞ ዘይቱም፣ ብረቱም፣ አቧራውም አለ።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጎማ ፍርፋሪ ያረፈበትን ውሃ ሞከሩ። ዓሦቹ ሞቱ። ውሃው ውስጥ ከ2000 የማያንሱ ኬሚካሎች ነበሩ። ድብልቁን ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱን ክፋይ ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ ጨመሩት። የሚገድለውን ያዙ፣ የማይገድለውን ተዉ። የያዙትን ደግሞ እንደገና ከፋፈሉ። እንዲህ እያሉ ሄደው ሄደው አንድ ነገር ብቻ ቀረ። 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል። ጎማ ውስጥ ይገኛሉ ተብለው ከተዘረዘሩት ኬሚካሎች ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ቀመር ያለው የለም።

እኔን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። ዠንዩ ቲያን የተባለው ኬሚስት፣ «ፋብሪካ ውስጥ የገባው ሌላ ነገር ቢሆንስ? የተለወጠው ውጭ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ቢሆንስ?» ብሎ አሰበ። ዝርዝሩን በዚህ ዓይን መልሶ ሲያየው ዘመዱ እዚያው ተቀምጧል። 18 ካርቦን፣ 24 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን። ሁለት ሃይድሮጅን ሄዶ ሁለት ኦክስጅን መጥቷል ማለት ነው። ስሙ 6ፒፒዲ ይባላል። ሥራው ጎማን አየር ውስጥ ካለው ኦዞን የሚባል ጋዝ መጠበቅ ነው። ከጎማው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ኦዞን ጎማውን ሳይሰነጣጥቀው እሱ ቀድሞ ይጋፈጠዋል። ሲጋፈጠው ደግሞ ወደ 6ፒፒዲ ኪኖን ይቀየራል። ገዳዩ ይኸው ነው። ጥናቱ በ2020 መጨረሻ ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

መጠኑን ልንገራችሁ። ኋላ ላይ ተሻሽሎ በተለካው መሠረት፣ ግማሹን ኮሆ ለመግደል በሊትር 95 ናኖግራም ይበቃል። 2.5 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ የውድድር መዋኛ ገንዳ አስቡ። እዚያ ውስጥ ሩብ ግራም የማይሞላ ዱቄት ቢሟሟ ማለት ነው።

የእንስሳት ሰው ብቻውን ይህን አያገኘውም ነበር። ኬሚስቱም ብቻውን ዓሣው እየሞተ መሆኑን አያውቅም። እስቲ እናንተ ምን አላችሁ?

ገና ተማሪ

እህቴ ወንዝ ዳር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለምን ኮሆ ብቻ? ሌላው ዓሣስ? ሁለተኛ፣ ጎማ ፖሊመር መሆኑ ገብቶኛል። ናኖ የሚለው ግን ከጎማ ጋር ምን ያገናኘዋል? ናኖ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ አዲስ መድኃኒት ምናምን ነው።

ሰማያዊ ጭጋግ

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ተወው። የመኪና ጎማ ከማናችንም በፊት የነበረ የናኖ ዕቃ ነው።

ፖሊመር ማለት አንድ ዓይነት ትንሽ ሞለኪውል እየተቀጣጠለ የሠራው ረጅም ሰንሰለት ነው። ጎማ ውስጥ የተፈጥሮ ላስቲክ አለ፤ ከነዳጅ የሚሠራ ላስቲክም አለ። ሰንሰለቶቹ እንደ ተፈታ ክር እርስ በርስ ተወሳስበው ይተኛሉ። ድኝ ተጨምሮ ሲሞቅ እዚህም እዚያም ይተሳሰራሉ። ይህ ብቻውን ግን ጎማ አይሆንም፤ መንገድ ላይ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። ጥንካሬ የሚሰጠው የካርቦን ጥላሸት ነው። የጥላሸቱ ቅንጣት ስፋቱ በአሥሮች በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ነው የሚለካው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነውና እሱን እያሰብክ አወዳድረው። ጎማ ጥቁር የሆነውም በዚሁ ጥላሸት ነው። ስለዚህ ጎማው አስፋልት ላይ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ፖሊመር፣ ጥላሸትና እነ 6ፒፒዲ አብረው የተቋጠሩበት ነው።

ስለ ናኖ ካነሳህ አይቀር የእኔን ሥራ ላሳይህ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ፒኤልጂኤ ከሚባል ፖሊመር ቅንጣቶችን እሠራለሁ። ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ የሚዋጥ የቀዶ ጥገና ክር የሚሠራው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፖሊመሩን አሴቶን ውስጥ አሟሟዋለሁ። እንደ ውሃ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በማግኔት የሚሽከረከር ውሃ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ። ጠብታ በጠብታ። አሴቶኑ ከውሃው ጋር ወዲያው ይዋሃዳል። ፖሊመሩ ግን ውሃ አይወድም፤ መሸሻም የለውም። ስለዚህ ሰንሰለቶቹ በቅጽበት ተሰብስበው ድቡልቡል ይሆናሉ፤ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር። በዓይን የሚታየው ነገር ምን መሰለህ? ጥርት ያለው ውሃ ሰማያዊ ጭጋግ ያለብሳል። ብልቃጡን መብራት ፊት ስትይዘው፣ በጎን ሰማያዊ፣ አሻግረህ ስታየው ብርቱካናማ ይሆናል። ሰማይ ቀን ሰማያዊ፣ ሲመሽ ቀይ የሚሆንበት ነገር ጣትህ መሃል ይገባል። ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ቀን ነው ደስ የሚለኝ።

አንድ ወር ሙሉ ግን ያ ጭጋግ አሠቃይቶኛል። ቅንጣቶቹን በሌዘር እለካለሁ፤ ዛሬ 150፣ ነገ 400፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። የማልቀይረው ነገር አልነበረም። ጥፋተኛው መለኪያው ብልቃጥ ውስጥ የገባ አቧራ ነበር። በዚህ መጠን፣ ቅንጣት ሁለት እጥፍ ሲተልቅ ብርሃን የሚበትነው 64 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ አቧራ ሚሊዮኖቹን የኔን ቅንጣቶች ጸጥ ያሰኛቸዋል። ውሃዬን ማጣራት ስጀምር ቁጥሩ ተረጋጋ። ያንን ወር ካሳለፍኩ በኋላ የሌላ ሰው ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት ለካህ?» ብዬ ነው።

ወንዝ ዳር

ሰማያዊ ጭጋግ፣ ስምህ ከየት እንደመጣ ዛሬ ገባኝ።

ገና ተማሪ፣ ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ፦ ኮሆ ብቻ አይደለም። በካናዳ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት ሬይንቦ ትራውትና ብሩክ ትራውት የሚባሉት ዓሦችም በጣም ተጎጂ ናቸው። የቅርብ ዘመዳቸው አርክቲክ ቻር ግን ምንም አልሆነም። ኮሆው በሚሞትበት ጎርፍ ውስጥ ቸም የሚባለው ሳልመን ይዋኛል። ሁለቱም ሳልመን ናቸው እኮ! ኮሆዎቹ ላይ የታየው፣ የአንጎላቸው የደም ሥር ግድግዳ ሲላላና የደሙ ፈሳሽ ወደ አንጎል ሲሰርግ ነው። እየዞሩ ሚዛን የሚስቱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የከተማ ድንቢጥ

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ትንሽ ቀለል ያለ ነገር ላምጣ፤ እንስሳት በከተማ ሁልጊዜ አይሞቱም፣ ይለወጣሉም።

ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉትን ነጭ ዘውድ ድንቢጦች ታውቃላችሁ? በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ኤሊዛቤት ዴሪቤሪ ለዓመታት ዘፈናቸውን ቀድታለች። የመኪና ጩኸት ዝቅ ያለውን ድምፅ ስለሚውጠው፣ ወንዶቹ ከዚያ በላይ ለመሰማት ይጮሃሉ፤ ዜማው ይጠባል። 2020 ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ከተማው በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደነበረው ጸጥታ ተመለሰ። ወፎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ አድርገውም ድሮ ከሚሰሙበት እጥፍ ርቀት ይሰሙ ነበር። የዘፈናቸው ጥራትም ተሻሻለ። ያን ቅጂ ሳዳምጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ የሚችሉት ዘፈን ውስጣቸው ነበር።

ሌላው ሁልጊዜ የምጠቅሰው የለንደን የምድር ባቡር ቢምቢ ነው። ዋሻው ውስጥ ገብታ በ100 ዓመት ብቻ አዲስ ፍጥረት ሆነች። ከተማ ዝግመተ ለውጥን እንዴት እንደሚያፋጥን ከዚህ በላይ ማሳያ አለ?

ባለ ሁለት ክንፍ

የከተማ ድንቢጥ፣ በአክብሮት ላርምህ። እኔም ይህን ታሪክ ለዓመታት አውርቼዋለሁ። አሁን ግን ወድቋል።

ታሪኩ ከየት መጣ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የለንደን ሰዎች ከቦምብ ሸሽተው የባቡር ጣቢያዎቹ ውስጥ ሲያድሩ ቢምቢ በላቻቸው። ከላይ ያለችው ዘመዷ ወፍ ነው የምትነክሰው፣ ክረምቱን ተኝታ ታሳልፋለች፣ ለመራባትም ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። የታችኛዋ ሰው ትነክሳለች፣ አትተኛም፣ በጠባብ ቦታ ትራባለች፣ የመጀመሪያ እንቁላሏንም ደም ሳትቀምስ ትጥላለች። በ1999 የወጣ የዘረ መል ጥናት ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ በኋላ «ዋሻው ውስጥ ነው የተፈጠረችው» የሚለው ወሬ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ገባ።

በ2025 ግን ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እነ ዩኪ ሃባ ከተለያየ ዓለም የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቢምቢዎችን ዘረ መል አነበቡ። በሙዚየም መርፌ ላይ የኖሩ አሮጌ ናሙናዎችም ነበሩበት። ውጤቱ፣ ሰው የምትነክሰዋ ዓይነት ከ1000 ዓመት በፊት ነበረች። የተፈጠረችውም በሜድትራኒያንና በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ምናልባትም በጥንት የግብፅ ዓይነት የእርሻ ሕዝቦች መንደር ነው። ለንደን ስትደርስ ጠባይዋን ይዛ ነው የመጣችው። ዋሻው የተመቻት ቤቷ እንጂ የትውልድ ቦታዋ አይደለም።

ይህ ለታሪክ ብቻ አይደለም። የዌስት ናይል ቫይረስ ከወፍ ወደ ሰው የሚሻገረው በእነዚህ ቢምቢዎች ነው። ሁለቱ ዓይነት የት፣ ምን ያህል እንደሚዳቀሉ ማወቅ በሽታው የት ሊነሳ እንደሚችል ለመገመት ይረዳል።

የከተማ ድንቢጥ

እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ይህን አላየሁም ነበር። ስንት ሰው ነግሬያለሁ! አንድ በአንድ ሄጄ አስተካክላለሁ።

ጥርጣሬ

ባለ ሁለት ክንፍ ያነሳው ነገር መስፋት አለበት ባይ ነኝ። «የከተማው እንስሳ ተለየ» እና «የከተማው እንስሳ ተለወጠ» አንድ አይደሉም። ብዙ ዜና ግን ያምታታቸዋል።

ራኩን በሚባለው የሰሜን አሜሪካ አውሬ ላይ የተሠራውን የሰሞኑን ጥናት ውሰዱ። በሊትል ሮክ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ራፋኤላ ሌሽ ከተማሪዎቿ ጋር ሰው ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጣቸው ወደ 20,000 ከሚጠጉ ፎቶዎች ተነስታ፣ የከተማ ራኩኖች አፍንጫ ከገጠሮቹ 3.6 በመቶ ያህል እንደሚያጥር አገኘች። ዜናው «ራኩን ለማዳ እየሆነ ነው» ብሎ ሮጠ። ጥናቱ ራሱ ግን ያለው፣ ለማዳ እንስሳት ላይ ከምናየው የመጀመሪያ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ነው። አጭሩ አፍንጫ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው ወይስ ከምግቡ የመጣ? ፎቶ ይህን ሊነግርህ አይችልም።

አሁን ከፖርቶ ሪኮ እንሽላሊቶች ጋር አስተያዩት። ክሪስቲን ዊንቼል የከተማ እንሽላሊቶች እግራቸው ረዝሞ፣ ጣታቸው ሥር ያሉት የሚያጣብቁ ቅርፊቶች በዝተው አገኘቻቸው። ለስላሳ ግድግዳና መስታወት ላይ ለመሮጥ ይመቻል። እዚህ ላይ አላቆመችም። የከተማውንም የጫካውንም ልጆች ከእንቁላል ጀምራ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ምግብ ሰጥታ አሳደገች። ልዩነቱ አልጠፋም። የ2016ቱ ጥናት ይህ ነው፤ በ2023 ደግሞ የዘረ መሉን ማስረጃ ጨመሩበት። እኔ «ተለወጠ» የሚለውን ቃል የምቀበለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የከተማ ድንቢጥ

ጥርጣሬ፣ በመሠረቱ እስማማለሁ። ግን የራኩኑን ጥናት አትናቀው። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ 20,000 ራኩን አይለካም። ፎቶው በር ይከፍታል፤ እንቁላል ማሳደጉ ቀጥሎ ይመጣል።

ደግሞ ለውጥ የሌለበትም ያስገርማል። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስታን ጌርት ከ2000 ጀምሮ በቺካጎ ኮዮቴዎችን፣ ቀበሮ የሚመስሉትን የአሜሪካ አውሬዎች፣ ይከታተላል። ከተማ ውስጥ ምግብ ሞልቷል፣ ኮዮቴም በዝቷል። እንዲህ ሲሆን ወንዱ ወዲያ ወዲህ ይላል ብላችሁ አትገምቱም? 236 ኮዮቴዎች ዘረ መላቸው ተመርምሮ አንድም ከትዳሩ የወጣ አልተገኘም። ባልና ሚስት አንዳቸው እስኪሞቱ አብረው ናቸው። በመኪና መብራትና በቤት መሃል እየኖሩ እንኳ ያ አልተነካም።

ጥርጣሬ

አልናቅሁትም ወንድሜ። በር ከፋች ያልከው ልክ ነው። የኮዮቴውን አላውቅም ነበር፤ ግሩም ነው።

አስተማሪው

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወንዝ ዳር የነገረችንን የሚመስል አንድ ላክል።

በ2024 መጀመሪያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታሸገ ውሃ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ቆጠሩ። ሁለት ሌዘር አንድ ላይ አነጣጥረው ሞለኪውሉ እንዲንቀጠቀጥ በማድረግ ማንነቱን የሚለዩበት ዘዴ ነው። በአንድ ሊትር በአማካይ 240,000 ያህል ቁርጥራጭ አገኙ። ከዚህ 90 በመቶው ናኖፕላስቲክ ነው፤ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች።

ቁጥሩን ሁሉም አወራው። እኔን ግን ያስቆመኝ ዓይነቱ ነው። ጠርሙሱ የተሠራበት ፔት አለ፣ ይጠበቃል። ከእሱ የሚበልጥ ግን ፖሊአማይድ ተገኘ። ናይሎን የዚሁ ወገን ነው። ከየት መጣ? ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ውሃው ከመታሸጉ በፊት የሚያልፍበትን ማጣሪያ ነው። ሊያጠራው የገባው ራሱ እየተፋቀ ገባበት። 6ፒፒዲም ጎማ ሊጠብቅ ገብቶ ነው ዓሣ የገደለው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ። አንድ ዕቃ ሥራውን ሲሠራ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ ሥራውን እየሠራ ሲያረጅ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ።

ጥርጣሬ

ጋሼ፣ የእርስዎን ቃል ልይዘው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይፈቀድልኝ። ይህ የኮሎምቢያው ዘዴ ቅንጣቷን አንድ በአንድ አይቶ ነው የሚለየው። የለዩትም በናኖ መጠን ካዩት ሁሉ አሥር በመቶ ያህሉን መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። ታማኝ ሥራ ነው።

በ2025 ከኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የወጣው፣ የሰው አንጎል ውስጥ ፕላስቲክ በዝቶ ተገኘ የሚለው ግን ሌላ ዘዴ ነው። ናሙናውን በኃይለኛ ሙቀት ሰባብረው ከሚወጣው ጋዝ ነው የሚለዩት። አንጎል ደግሞ ስብ ይበዛበታል። ስብ በዚያ ሙቀት ሲሰባበር ፖሊኤትሊን የሚባለው ፕላስቲክ የሚሰጠውን የሚመስል ምልክት ይሰጣል። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አንስተው ተከራክረዋል። ፕላስቲክ አንጎል ውስጥ የለም አላልኩም። መጠኑ ላይ አትቸኩሉ ነው የምለው።

ሰማያዊ ጭጋግ

ከእኔ አቧራ ጋር አንድ ነው ነገሩ። የምትለካው የፈለግኸውን ነው ወይስ እሱን የሚመስለውን?

እንግዲህ ወደ ናኖ መድኃኒት ልመለስና የራሴን መስክ ላቅርብ። ፖሊመር ቅንጣት ውስጥ የካንሰር መድኃኒት አሽገህ ደም ውስጥ ትለቃለህ። ሐሳቡ በ1986 ማትሱሙራና ማኤዳ ካሳዩት የመጣ ነው። የዕጢ ደም ሥሮች ቀዳዳ ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህ ናኖ ቅንጣት በቀዳዳው ሾልኮ ዕጢው ውስጥ ይቀራል። ሁላችንም በዚህ ነው የተማርነው። ለምርምር ገንዘብ የምናስገባው ማመልከቻ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህ ነው።

በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዋረን ቻን ከባልደረቦቹ ጋር የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ አሰላ። ዕጢው የሚደርሰው መካከለኛው ቁጥር ከተሰጠው መጠን 0.7 በመቶ ነው። አንድ በመቶ አይሞላም። የቀረውን አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። በ2020 ደግሞ እንዲያውም ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ጥቂት መሆናቸውን አሳዩ። እስከ 97 በመቶ የሚሆነው ቅንጣት የሚገባው ሕዋሳቱ ራሳቸው ተቀብለው ሲያሻግሩት ነው። በሩ ክፍት አልነበረም፤ የሚከፍት ሰው ነበረው። ይህን ያነበብኩ ቀን ማስታወሻ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ሥራዬን ከሥሩ ጀመርኩ።

አስተማሪው

ልጄ፣ ያ 0.7 ላይ ክርክር እንዳለ ግን ንገራቸው። መድኃኒቱ ያለ ቅንጣት ብቻውን ቢሰጥም ዕጢው የሚደርሰው ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥቅሙ በመድረስ ብቻ አይለካም።

ሰማያዊ ጭጋግ

ልክ ነዎት መምህር፤ መጨመር ነበረብኝ። በ1995 የተፈቀደው ዶክሲል የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውስጡ ያለው ዶክሶሩቢሲን ብቻውን ሲሰጥ ልብ ይጎዳል። ስብ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ፣ ከላይ ፔግ የሚባል ፖሊመር እንደ ፀጉር ሲለብስ፣ በደም ውስጥ ይቆያል፣ ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። ለታማሚው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኮሮና ኤምአርኤንኤ ክትባቶችም ላይ ይኸው ፔግ አለ። ስለዚህ ተስፋ አልቆረጥኩም። ግን በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቁልፍ መሥራቴን ትቻለሁ።

ገና ተማሪ

ብዙ ተማርኩ ዛሬ። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እህቴ ወንዝ ዳር፣ ለኮሆዎቹስ መፍትሔ አለ? ጎማ መተው አይቻል። መኪናም አይቆም። እንቁላላቸውን ይዘው እንደሞቱ ሊቀሩ ነው?

ወንዝ ዳር

አለ። ይህንንም ሳልነግራችሁ ብቀር ያሳዝነኝ ነበር።

ከወዲያ ከምንጩ በኩል፣ ካሊፎርኒያ በ2023 6ፒፒዲ ያለባቸውን የመኪና ጎማዎች ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ምርቶች ውስጥ አስገባች። አምራቾች ምትክ መፈለግ ግዴታቸው ሆነ። ከባድ ነው፤ ምትኩ ጎማውን ከመፈንዳት መጠበቅ አለበት፣ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚሆነውም ነገር ዓሣ መግደል የለበትም። ሰማያዊ ጭጋግን የመሰሉ ሰዎች ሥራ ነው።

ከወዲህ በኩል ያለው ግን የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ገዳዩ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ነው የተገኘው። ጄኒፈር ማክንታየርና ጁሊያን ስፕሮምበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአውራ ጎዳና የወረደ ጎርፍ ሰበሰቡ። ግማሹን እንዳለ ተጠቀሙበት። ግማሹን አሸዋ፣ ብስባሽና የተፈጨ የዛፍ ልጣጭ በተደባለቀበት አፈር ውስጥ አሳለፉት። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ይህ ድብልቅ። ከዚያ ለመራባት የመጡ ትልልቅ ኮሆዎችን በሁለቱ ውሃ ውስጥ አስገቡ።

ባልተጣራው ውስጥ የገቡት ሁሉ ሞቱ። በአፈሩ ባለፈው ውስጥ የገቡት በማግስቱም እየዋኙ ነበር።